የዓርብ ጠብታ

ከላሊበላ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከቀይ ድንጋይ የተፈለፈለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ እርሷን ያነሣት አልነበረም። የመንደሩ ሰውም አልተቀየመም፤ ቅዳሴው እንደሆነ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

በአንዱ ጥቅምት፣ ዝናቡ ካባራ ከሰነበተ በኋላ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ጣሪያ በሰሜን በኩል ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር።

ክረምት ቢሆን የሚደነቅ አይኖርም። በላስታ በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያዬ አያፈስም የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ጣሪያ የሌለው ነው። ይህ ጠብታ ግን የመጣው ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ደርቆ፣ አቧራው መነሣት ሲጀምር ነው። ቤቱን ሲሠራ ስሚንቶ የተረፈው አንድ ጎልማሳ መሰላል ተደግፎ ስንጥቁን ከውስጥም ከላይም መረገው። በሦስተኛው ቀን ጠብታው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ብቅ አለ። ቄሰ ገበዙ ከሸክላ ሠሪዋ ቤት አፈ ሰፊ ድስት አስመጥተው ከሥሩ አኖሩበት።

«የነአኩቶ ለአብም እኮ እንዲሁ ነው» አለ አንድ ደብተራ።

ውሸት አልነበረም። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው በነአኩቶ ለአብ ገዳም ከዋሻው ጣሪያ የሚወርደውን ጠብታ ከጥንት የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናንም ጸበል ብለው ይጠጡታል። እዚያ ከሆነ እዚህ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ኅዳር ሲገባ ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ሴት ጠጥታ ቀለል አለኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ቢጫ ጀሪካን የተሸከመው ሁሉ ዳገቱን ወጣ። ሻማው፣ ዕጣኑ፣ ጃንጥላው በዛ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ይከፈት ጀመር። በዚያው ሰሞን በግድግዳው ላይ የነበረው የጥንት ሥዕል፣ የሰማዕቱ ነጭ ፈረስ፣ ከሰኮናው ጀምሮ ይላላጥ ነበር። ሰው ግን ዓይኑ ድስቱ ላይ ነበር።

ጸበሉ ጠባይ ነበረው። ማክሰኞና ዓርብ ይበረታል፣ በሌላው ቀን ይሳሳል። ዓርብ የስቅለት ቀን በመሆኑ ነው ተባለ። ለማክሰኞው ምክንያት አልተገኘለትም።

በኅዳር መጨረሻ ቄሰ ገበዙ ለዘመድ ተዝካር ወደ ወልድያ ወርደው ሁለት ሳምንት ቆዩ። ጸበሉ ነጠፈ። ዳገቱን ወጥቶ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚመለስ ሰው ጥፋተኛ ሳይፈልግ አያድርም፤ መንደሩም ሩቅ አልሄደም። ድስቱን የሠራችው ማን ናት? ሸክላ ሠሪዋ። ዓይኗስ? ስለ ዓይኗ ድሮም ይወራ ነበር። ድስቱን አውጥተው ሰበሩት፤ በምትኩ ከገበያ የፕላስቲክ ሳፋ ገዙ። እርሷንም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ሆነሽ ተሳለሚ አሏት። ቄሰ ገበዙ ሲመለሱ ሰምተው ተቆጡ፤ «ይህ የክርስቲያን ሥራ ነው?» ብለው ገሠጹ። ግን ከተመለሱ አራት ቀን ሳይሞላ ጸበሉ ይንጠባጠብ ጀመር። አዲሱ ሳፋ ሞላ። «አላልንም?» አሉ ሰዎቹ። ቄሰ ገበዙም ዝም አሉ።

ሰበካ ጉባኤው ለጸበሉ እንደ ነአኩቶ ለአብ ያለ የድንጋይ ገንዳ እንዲሠራለት ወሰነ። ከላሊበላ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠራ፤ የገና ተሳላሚ ወደየአገሩ በሚመለስበት ሰሞን መሮውንና መዶሻውን በአህያ ጭኖ፣ አንድ ረዳት አስከትሎ ደረሰ።

ይህ ሰው ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲያስጠግን ለሠራተኞቹ ውሃ ይሸከም ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ከፍ በሚል ጊዜ ቀደም ብሎ የመጡ ጠጋኞች ውሃ እንዳይገባ ብለው ጣሪያዎቹን ሬንጅ አልብሰዋቸው ነበር። ሬንጁ ሲፋቅ ልጁ ቆሞ አይቷል። ውሃው እንዳይገባ የተባለው፣ እንዳይወጣ ሆኖ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንበኛው የረጠበ ነገር ሲደፈን ሲያይ ፊቱ ይጨማደዳል።

ከገባ በኋላ ሳፋውን አላየውም። ጣሪያውን አየ፤ ስሚንቶውን አየ፤ የተላላጠውን ፈረስ አየ።

«ገንዳው ምን ያህል ይሁን?» አሉት።

«የውሃውን ልክና አመጣጥ ሳላውቅ ድንጋይ አልነካም።»

ከተባለው በላይ የሚጠይቅ ሠራተኛ ደስ አይልም፤ ሆኖም ጥያቄው ስለ ገንዳው ስለመሰላቸው ፈቀዱለት።

በመጀመሪያው ቀን ረዳቱ ጣሪያውን በጨርቅ ጠርጎ አደረቀ። ከዚያ ግንበኛው የገብስ ዱቄት በስስ ጨርቅ ቋጥሮ በረጅም እንጨት ጫፍ አሰረና ጣሪያውን መታ መታ አደረገው። ጣሪያው ነጣ፤ የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ነጡ። ተቀምጠው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ በነጩ ላይ አንድ ጥቁር መስመር መታየት ጀመረ። መስመሩ ከሳፋው በላይ ካለው ቦታ ተነሥቶ፣ በቅስቱ ጎን ተስቦ፣ በስሚንቶው አጠገብ አልፎ፣ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ጥግ ገባና ጠፋ። የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ በመካከላቸው ስምንት ክንድ ያህል ነበር።

«ታዲያ ጥጉን እንምረገው» አለ ስሚንቶ ያለው ጎልማሳ።

ደብተራውም ደገፈው። «ኖኅስ መርከቡን በቅጥራን መርጎ የለ?»

«መርጓል» አለ ግንበኛው። «የመረገው ግን ዝናቡ ሳይመጣ፣ እንጨቱ ደረቅ ሳለ ነው።»

ደብተራው መልስ ሊፈልግ መጽሐፉን ገለጠ፤ ሳያገኝ መሸ።

በማግስቱ ግንበኛው አሞሌ ጨው ገዛ። ጥቂቱን ሰብሮ በውሃ አሟሟ፤ ብዙ አላደረገም፤ ጨው ለእንዲህ ያለ ድንጋይ ጠላት እንደሆነ ያውቃል። ሙከራውን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሄደ። አንድ ቀን ከግድግዳው ሥር ያለውን መሬት በጨው ውሃ አረጠበ፤ ረዳቱ እስከ ማግስቱ ከሳፋው እየጠለቀ ቀመሰ፤ ጨው የለም። ቦታውን በንጹሕ ውሃ አጠበና በሌላ ቀን የጣሪያውን ጠርዝ ያዘ፤ የለም። በሌላ ቀን በስሚንቶ የተመረገውን ስንጥቅ፤ የለም። ስሚንቶ ያለው ጎልማሳ ደስ አለው፤ ገና ነህ ያለው ግን የለም።

«ሁሉን ባንድ ቀን ብታረጥበው ምን ነበረበት? ገንዳው እኮ ለጥምቀት እንዲደርስ ነው» አሉት።

«ሁሉን ባንዴ ካጠጣሁት የትኛው እንደመለሰልኝ በምን አውቃለሁ?»

ጨው የሚያሟሟበት ማሰሮ ስለተሰነጠቀበት ሌላ ሊገዛ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ወረደ። እርሷም ከዋርካው ሥር ስትቀመጥ ብዙ ነገር አይታለች፤ ሰው የሚያባርሩት እንዳያይ ይመስላቸዋል እንጂ።

«እህቴ፣ ሰልፉ መቼ መቼ ይረዝማል?»

«ማክሰኞና ዓርብ።»

«ሰልፍ ጠፍቶ ያውቃል?»

«ቄሰ ገበዙ ወልድያ በሄዱ ጊዜ። በእኔ አሳበቡት።»

ግንበኛው ማሰሮውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ፤ በጣቱ ቆረቆረው፤ ዋጋውን ከፈለ። «አንድ ሌላ ጨምሪልኝ» አለ።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ የምንጩን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት አገኘው። ስለ ጠብታው አንድም ቃል አላነሣም፤ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆች ተጫወቱ። ሊሄድ ሲነሣ ብቻ፣ «ለመሆኑ ሰኞና ሐሙስ ማታ ተራው የማን ነው?» አለ።

«የቄሰ ገበዙ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ፣ አምና አፈር አስሞልተው ያወጡት የሽንኩርት ማሳ አለ አይደል?»

ግንበኛው ማሳውን በአጥሩ ቀዳዳ አየው። የሚያምር ሽንኩርት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዱን ማሰሮ ይዞ ወደ ቄሰ ገበዙ ቤት ሄደ። እንጀራ ቀረበለት፤ በላ፤ ወጡ ጨው እንዳነሰው እንኳ ተናገረ። በኋላ ማሰሮውን ወደ እርሳቸው ገፋ አደረገው።

«አባ፣ ያልሞከርኩት አንድ ቦታ ቀርቶኛል። እኔ የምገባበት አይደለም። ዛሬ ማታ ሲያጠጡ ይህችን ከቦይዎ ራስ ላይ ያፍስሱልኝ። ነገ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ደግሞ ሳፋውን አንቱው ይቅመሱት።»

«አንተስ? ረዳትህስ?»

«እሱ እንቅልፋም ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ምላሴ ጨውን ከውሃ አይለይም።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ወጡ ድስት አዩ፤ ወደ ሰውዬው አዩ፤ ምንም አላሉም።

ማታ ቦዩን ከፈቱ። ማሰሮውን ይዘው ብዙ ቆሙ። ላያፈስሱት ይችሉ ነበር፤ የሚያይ አልነበረም። ግን እኚህ ሰው የሐሰት ነገር በሆዳቸው ይዘው ቀድሰው አያውቁም፤ አፈሰሱት።

ዓርብ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ብቻቸውን ገቡ። ሳፋውን ትናንት አስደፍተውት ስለነበር የሌሊቱ ውሃ ብቻ ነበረበት። በእፍኛቸው ጠለቁና ቀመሱ። ድጋሚ ቀመሱ። ከዚያ ከመቋሚያው አጠገብ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሳፋውን ደፍቶ፣ አጥቦ፣ ግንበኛውን ገንዳህን ሥራና ሂድ ማለት። ይህን ቶሎ ተዉት። የፈረሱን ሰኮና ቀና ብለው አይተውታል፤ መላላጡ አሁን ጉልበቱ ድረስ ወጥቷል።

ሁለተኛው ሐሳብ ያምር ነበር። ለማንም ሳይናገሩ ከዛሬ ጀምሮ ማሳውን ማጠጣት ይተዋሉ። ሽንኩርቱ ይደርቃል፤ ይድረቅ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲባል ሽንኩርት ምን ቁም ነገር ነው! ጣሪያው በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ሥዕሉ ይተርፋል፤ ጸበል ጠጣሁ ያለ ሰውም አያፍርም። ከራሳቸው በቀር የሚጎዳ የለም። እንዲያውም ጽድቅ ይመስላል። ይህን ወስነው፣ ልባቸው ቀሎላቸው፣ በሩን ከፍተው ወጡ።

ውጭ ሰልፉ ቆሟል። ከሰልፉ ወዲያ፣ ከቅጥሩ ማዶ፣ ሸክላ ሠሪዋ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ደጃፉ ላይ ቆሙ። በሚመጣው ሳምንት ይህ ሰልፍ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲመለስ በዓይነ ሕሊናቸው ታያቸው። ያን ጊዜ ወልድያ ነበሩ፤ አሁን ግን ወልድያ አይደሉም።

ቆመው ቆዩ። ሰልፈኛው ጸሎት እያደረሱ መሰለው፤ ጎንበስ አለ።

ተመልሰው ገቡና ሳፋውን በሁለት እጃቸው ተሸክመው ወጡ። በሰልፉ አጠገብ አለፉ። «አባ፣ ይሰጡን እንጂ!» ያለ ነበር፤ አልመለሱለትም። ከቅጥሩ ወጥተው ከዋርካው ሥር ሳፋውን አስቀመጡት።

«ቅመሺ» አሏት።

«እኔ?» ደነገጠች። ሁሉም እያየ ነው። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ለመናገር ፈራች።

«ያገኘሽውን ተናገሪ።»

«ጨው ነው፣ አባ።»

«ጨውን ትናንት ማታ እኔ ነኝ ከሽንኩርቴ ቦይ ላይ ያፈሰስኩት» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ዞረው ለሁሉም እንዲሰማ። «የምትጠጡት የእኔን የሽንኩርት ውሃ ነው። ወልድያ በሄድኩ ጊዜ የነጠፈው የሚያጠጣ ስላልነበረ ነው። በዚች ሴት ያደረጋችሁትን እኔ መክፈል ሲገባኝ እርሷ ከፍላለች።»

ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ሳቀ፤ እናቱ ቆነጠጠችው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ብቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔ ግን ተሽሎኛል» አለች። የተከራከራት የለም።

ሰኞ ዕለት የመንደሩ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው ማሳው ላይ ወጡ። ሽንኩርቱን ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ነቀሉ። ከአንድ ክንድ አፈር በታች ድንጋዩ ተገኘ፤ በድንጋዩ ላይም በመሮ የተጠረበ ቦይ። ጥንት ቤተ ክርስቲያኑን የፈለፈሉት ሰዎች ከላይ የሚመጣውን ውሃ ወደ ገደሉ የሚወስድ መንገድ ሠርተውለት ኖሯል። ቤተ ጊዮርጊስን የሚሳለም ሰው ከጣሪያው ላይ ሦስቱን መስቀሎች እንጂ ውሃ የሚወርድበትን አሸንዳ ብዙም አያይም፤ ፈልፋዮቹ ግን ስለ ሁለቱም ተጨንቀዋል። እዚህም ቦዩ አልተበላሸም ነበር። የማሳው አፈር ሞልቶት ውሃው ቆሞበት ነው እንጂ።

ጠርገው ከፈቱት። ግንበኛው ደግሞ ስሚንቶውን ቀስ ብሎ በመሮ አነሣ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ረጥቦ፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ እርሾ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ስሚንቶ የለጠፈው ጎልማሳ ጣቱን ሰድዶ ነካው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ስሚንቶ ሲናገር የሰማው የለም። እርሱ ዝም ቢል ሌላው ተናገረ። «እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በላሊበላ አራት ትልልቅ መጠለያ ተተክሎ የለ? እኛም ትንሽ ቆርቆሮ ብናለብሳት?»

«መጠለያ የሰማዩን ይከለክላል» አለ ግንበኛው። «የእናንተ ውሃ ግን በእግሩ ነው የመጣው።»

ወዲያው ይደፍነዋል ብለው ሲጠብቁ መሣሪያውን ጫነ። እስከ ሚያዝያ ይድረቅ አለና ሄደ። በሚያዝያ ተመልሶ የተፈረፈረውን አራገፈ፤ በኖራና በተፈጨ ቀይ ድንጋይ ስንጥቁን ሞላ፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ረዳቱ እርጥብ ጆንያ እየለወጠ አለበሰው። ገንዳ አልሠራም። የቀን ሒሳቡንና የሁለት ማሰሮ፣ የአንድ አሞሌ ጨው ዋጋ ተቀበለ። ከሰበካ ጉባኤው አንዱ፣ «ገንዳ እንዲሠራ ጠርተነው ጸበላችንን አድርቆ ሄደ» ብሎ እስከ ዛሬ ያማዋል።

ክረምቱ ከበደ። ሐምሌን ሙሉ ጣለ፤ ጣሪያው ጠብ አላለም። ፈረሱ ከጉልበቱ በላይ ተርፏል፤ ከጉልበቱ በታች ያለውን የሚመልሰው የለም። ጀሪካን የሚይዙ ሰዎች ቀሩ፤ ሙዳየ ምጽዋቱም ወደ ቀድሞ ልኩ ተመለሰ። ሸክላ ሠሪዋ ከቅጥሩ ውስጥ ትሳለማለች። ይቅርታ የጠየቋት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ድስትና ጀበና ከእርሷ በመግዛት አልፈውታል፤ እርሷም ዋጋ ጨመር አድርጋባቸዋለች።

ሰኔ በገባ ቁጥር ቦዩን የሚጠርጉት ቄሰ ገበዙ ናቸው። ማሳው ላይ አሁን ሣር እንጂ ሌላ አይበቅልም። ሽንኩርት የሚገዙት ከገበያ ነው።